ጾም ላይ ሆኜ ጃፓን ውስጥ የድሮ መስፍን ቤት እራት ተጋበዝኩ፣ ምን ይሻለኛል?

የቦሌው መሐንዲስ፦

ሰላም ለቤቱ። ለሥራ ሥልጠና ፉኩኦካ ከመጣሁ ሁለት ወር አለፈኝ። ትናንት የክፍላችን ኃላፊ ጠሩኝ። ስድሳ የሚሆናቸው፣ በቀን ከአሥር ቃል በላይ የማይወጣቸው ሰውዬ ናቸው። ወደ አገራችሁ ከመመለሳችሁ በፊት አንተንና ጓደኛህን እራት ልጋብዝ አሉና አንድ ወረቀት ሰጥተውኝ ሄዱ። ያናጋዋ የምትባል ከተማ፣ ኦሃና የሚባል ቤት። ስሙን ስፈልግ ጥንት የመስፍን መኖሪያ ነበር ይላል። ፎቶው ላይ ኩሬ አለ፣ ጥድ አለ፣ ምንጣፍ በምንጣፍ የሆነ ትልቅ አዳራሽ አለ። ወንበር ግን የትም አላየሁም።

ጭንቀቴ ይኸውላችሁ። ቀኑ ኅዳር 27 ነው፣ ጾመ ነቢያት ገብቷል። እምቢ ብል ሰውዬውን ማስቀየም ነው። እሺ ብዬ ሄጄ የቀረበውን ሁሉ እያየሁ ብመለስ ደግሞ የባሰ። ጉልበቴም ድሮ ኳስ ስጫወት የተበላሸ ነው፣ እንደነሱ ተንበርክኬ ሁለት ሰዓት መቀመጥ የማይታሰብ ነው። ሱፍ ይለበሳል? ቲፕ ይሰጣል? ስጦታ ይዤ ልሂድ? ደግሞስ እንዲህ ያለ ቦታ መጋበዝ በእነሱ ዘንድ ምን ማለት ነው፣ ዝም ብሎ እራት ነው ወይስ ሌላ መልእክት አለው?

የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። "ሱሺ ሞክር" የሚል መልስ አልፈልግም።


የኪዩሹ ተማሪ፦

እኔ እዚያው ፉኩኦካ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፣ ኦሃናም አንድ ጊዜ ምሳ በልቻለሁ። መጀመሪያ ጾሙን ዛሬውኑ ንገራቸው። ነገ አትበል። እንዲህ ያለ ቤት ሜኑ ገልጠህ የምትመርጥበት አይደለም፣ ወጥ ቤቱ የወቅቱን ነገር አይቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሱ ወስኖ ነው የሚያቀርበው። ቀደም ብለው ካወቁ ይቀይሩልሃል። ነውሩ ከተቀመጥክ በኋላ አንድ በአንድ "ይሄን አልበላም፣ ያንን አልበላም" ማለት ነው።

ግን "አትክልት ብቻ ነው የምበላው" ብለህ እንዳትሸወድ። ጃፓን ውስጥ አትክልቱ የሚቀቀልበት ውሃ ራሱ ዓሣ ነው። ዳሺ ይሉታል። ኮምቡ የሚባል የባሕር ቅጠል ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በላዩ ደግሞ ካትሱኦቡሺ ይጨመርበታል። ይሄ በጢስ ደርቆ ደርቆ እንጨት የሆነ ዓሣ ነው፣ እንደ ሳንቃ በመላጊያ ነው የሚላገው፣ ቀልዴን አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን ዐቢይ ጾም ሙሉውን "የጾም ነው" እያልኩ ሚሶ ሾርባ ስጠጣ ከርሜ ለካ በየቀኑ ዓሣ ነበር የምጠጣው። ከፋሲካ በኋላ ነው ያወቅኩት።

ስለዚህ እንዲህ በላቸው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ የወተት ነገር አልበላም፣ ዳሺውም የኮምቡና የእንጉዳይ ብቻ ይሁንልኝ። "ሾጂን ርዮሪ" የምትለዋን ቃል ጨምርበት። የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ናት፣ ሥጋም ዓሣም የላትም፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባባትም። ቃሏን ሲሰሙ ወዲያው ይገባቸዋል፣ ስለ ጾም አንድ ሰዓት ከማስረዳት ትገላግልሃለች። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ እንዳትጀምሩት፣ ባለፈው የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን።)

ስለ ከተማዋ ልንገርህ። ከፉኩኦካ መሐል፣ ከቴንጂን፣ በኒሺቴትሱ ባቡር 50 ደቂቃ ገደማ ነው። ድሮ ለግንቡ መከላከያና ለእርሻ የቆፈሯቸው ቦዮች ከተማዋን እንደ ደም ሥር ይዞሯታል፣ ሰውም በረጅም የቀርከሃ ዘንግ በሚገፋ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ይዞራል። የታወቀችበት ምግብ ኡናጊ ነው፣ እባብ የሚመስለው ረጅሙ ዓሣ። ከሰል ላይ ይጠበሳል፣ ሩዙ በጣፋጭ የአኩሪ አተር መረቅ ይለወሳል፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ በእንጨት ሳጥን ሆነው በእንፋሎት ይበስላሉ። ላዩ ላይ እንደ ክር የተቆረጠ የእንቁላል ቂጣ ይነሰነሳል። ሰውዬህ ይሄን ሊያበሉህ አስበው እንደሆነ አትጠራጠር።

ጉልበትህንም ንገራቸው። መንበርከክ መክፈቻው ላይ ነው፣ ከዚያ ወንዶች እግር አጣጥፈው ይቀመጣሉ። እግር የሌለው፣ መደገፊያ ብቻ ያለው ወንበር አለ፣ እሱን ይሰጡሃል። አንዳንድ ቦታ ተራ ጠረጴዛና ወንበርም ያለው ክፍል አለ። ቲፕ የለም፣ ጠረጴዛ ላይ ብትተው ረሳኸው ብለው እየሮጡ ያመጡልሃል። ሒሳብ ላይ እንደ ሀበሻ "ሞቼ እገኛለሁ" ብለህ እንዳትታገል፣ የጋበዘ ይከፍላል፣ ምናልባትም ገንዘብ ሲከፈል ጭራሽ አታይም።


ደረቅ ቼክ፦

እኔ ቶኪዮ ለስብሰባ ሄጄ እንዲህ ያለ ቤት ወስደውኝ ነበር። የቤቱን ስም አልጠራም። አሥር ጊዜ ሳህን መጣ፣ አሥሩም ጊዜ ባዶ የመሰለ። አንዱ ላይ ሁለት ባቄላ፣ አንዲት ቁራጭ ዓሣና አንድ ቀይ ቅጠል ነበር። ቅጠሉን በላሁት። ለካ ጌጥ ነው። ማንም ምንም አላለኝም፣ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ግን የራሱን ቅጠል ቀስ ብሎ በጨርቅ ሸፈነው፣ እንዳላፍር ይሁን እንዳልነጥቀው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በኋላ ዋጋውን ሰማሁ። ለአንድ ሰው 25,000 የን። ሆቴል ተመልሼ በሙቅ ውሃ የሚሠራ ኑድል በላሁና ተኛሁ። በዚያ ገንዘብ አገሬ ላይ ዘመድ ሰብስቤ አበላ ነበር። ሌላው ሁሉ ጨዋታ ነው። ሂድ፣ ግን በልተህ ሂድ።


ሳህን አጣቢዋ፦

ደረቅ ቼክ ገደልከኝ! ቅጠሉን የበላህ አንተ ብቻ አይደለህም፣ ግማሽ የተነከሰ የሜፕል ቅጠል በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ኪዮቶ ስማር አንድ የድሮ ርዮቴይ ጓዳ ውስጥ ዓመት ተኩል ሳህን አጥቤያለሁ። ርዮቴይ ማለት እንደዚህ ክፍል ክፍሉን ለእንግዳ እየሰጠ የሚያበላ ቤት ነው። ያለ አስተዋዋቂ የመጣ አዲስ ሰው የማይቀበሉም አሉ፣ በተለይ ኪዮቶ። ስለዚህ ወንድሜ መሐንዲሱ፣ ኃላፊህ አንተን እዚያ ሲወስዱህ በራሳቸው ስም ዋስ ሆነውልሃል ማለት ነው። ዝም ብሎ እራት አይደለም።

ምግቡ ካይሴኪ ይባላል። በአነጋገር አንድ የሆኑ፣ በጽሕፈት የሚለያዩ ሁለት ካይሴኪ አሉ። አንዱ ለሻይ ሥርዓት የሚቀርበው ነው፣ ቃሉ "በጉያ የተያዘ ድንጋይ" ማለት ነው። መነኮሳት ረሃብ ሲጠናባቸው የሞቀ ድንጋይ በልብሳቸው ሥር ሆዳቸው ላይ ያደርጉ ነበር ይባላል። ጾም ለሚያውቅ ሰው ይሄ ብዙ ማስረዳት አይፈልግም። ሁለተኛው የግብዣው ነው፣ አንተ የምትበላው እሱን ነው። እዚህኛው ላይ ሩዝ የሚመጣው መጨረሻ ነው፣ ከመጠጥ ጋር የሚሄዱት ትናንሾቹ ይቀድማሉ። ሩዝ፣ ሾርባና የኮመጠጠ አትክልት መጣ ማለት "ማብቂያው ደረሰ" ማለት ነው። ደረቅ ቼክ የተራበው ይመስለኛል ሩዙ ሲመጣ ጨዋ ለመሆን ብሎ ትንሽ ቀምሶ ስለተወው ነው። ሩዙን ማስጨመር ይቻላል እኮ!

አሁን ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። ሽቶ አትቀባ። ሾርባው ክዳን ባለው፣ ላከር በሚባል አንጸባራቂ ቀለም በተቀባ ሳህን ነው የሚመጣው፣ ክዳኑን ስትከፍት የመጀመሪያው ሽታ ነው ትልቁ ነገር፣ የአንተ ሽቶ ያንን ይገድለዋል። ክዳኑ በእንፋሎት ተጣብቆ እምቢ ካለህ አትታገለው፣ የሳህኑን ሁለት ጎን በእጅህ ጭምቅ ስታደርገው ፉት ብሎ አየር ይገባና ይለቃል። ስትጨርስ እንደነበረው ክደነው፣ ገልብጠህ አታስቀምጥ፣ ይጫጫራል። ቀለበት ካለህ አውልቅ። እኔ በዓመት ተኩል አንድ ሳህን ብቻ ነው ያቆሰልኩት፣ በገዛ ቀለበቴ፣ ሳጥብ። የቤቱ እመቤት አልጮኸችብኝም። ሳህኑን ወደ መስኮት ወስዳ በብርሃን አየችው፣ ከዚያ "ከእኔ አያት ይበልጣል በዕድሜ" አለችኝና ሄደች። ብትጮህብኝ በስንት ጣዕሙ።

ደግሞ ዋናው። ጉርሻ የለም! በፍቅር ተነሳስተህ ለኃላፊህ በቾፕስቲክ አንስተህ በቾፕስቲካቸው እንዳታቀብላቸው። እነሱ እንደዚያ የሚቀባበሉት የሬሳ አጥንት ነው፣ ከተቃጠለ በኋላ። ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ መትከልም ለሙት ነው።

ካልሲ፦ አዲስ፣ ያልተቀደደ። ይሄን በግድግዳ ጻፈው። ወለሉ ታታሚ ነው፣ ከሰሌን መሰል ሣር የተሠራ፣ በባዶ እግር አይገባም። የምንጣፉን የጨርቅ ጠርዝና የበሩን መድረክ አትርገጥ፣ ተሻገረው። ግድግዳው ውስጥ ከፍ ያለች ቦታ ታያለህ፣ የተጻፈበት ጥቅልና አበባ ያለባት፣ ቶኮኖማ ናት። ቦርሳህን እዚያ እንዳታስቀምጥ። ለእሷ ጀርባ የሚሰጠው መቀመጫ የትልቁ እንግዳ ነው። እዚያ ተቀመጥ ካሉህ አንድ ጊዜ እምቢ በል፣ ከዚያ ተቀመጥ። እንደኛው ነው።

እኔ የምወደው ግን ምግቡን አልነበረም። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ከበሩ እስከ መግቢያው ያለው የድንጋይ መንገድ ላይ ውሃ ይረጫል። ልክ ቡና ሲፈላ ቄጠማ እንደምንጎዘጉዘው። ውሃው ሳይደርቅ እንግዳው መድረስ አለበት፣ ስለዚህ አንዷ ልጅ ሰዓቷን እያየች ባልዲ ይዛ ትቆማለች። በክረምት፣ በዚያ ብርድ።

ኪዮቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1722 ጀምሮ ያለ ማንካሜሮ የሚባል ቤት አለ፣ የቤተ መንግሥት ወግ ምግብ ያቀርባሉ። እዚያ ባለሙያው የጥንት የቤተ መንግሥት ልብስ ለብሶ ዓሣውን በእጁ ሳይነካ፣ በቢላና በብረት ቾፕስቲክ ብቻ ይበልተዋል። ይሄን ሳይ የኛ የበግ ብልት አወጣጥ ነው ትዝ ያለኝ። ማን የቱን ብልት ይበላል የሚለው ሁሉ።


ጋሽ ቀለሙ፦

ልጆች፣ ስለ ሳህኑ ብዙ ተባለ፣ ስለ ቤቱ ማንም አላለም። ልጄ መሐንዲሱ፣ የምትሄድበት የታቺባና ቤተ ሰብ ቤት ነው። የያናጋዋ ገዢዎች ነበሩ። ከእነሱ ታላቁ ሙኔሺጌ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1600 በሴኪጋሃራ ጦርነት ከተሸነፈው ወገን ነበረና ግዛቱን ተቀማ። ሌሎቹም ብዙ መሳፍንት ተቀምተዋል። እሱ ግን በ1620 ያንኑ የድሮ ግዛቱን መልሶ አገኘ። ይሄ የሆነለት ሌላ መስፍን የለም።

ቤቱ የተጀመረው በ1738 አምስተኛው ገዢ ቤተ ሰባቸውን ከግንቡ አውጥተው እዚያ ሲያኖሩ ነው። አሁን የምታየው አብዛኛው ግን በ1910 የተሠራ ነው፣ ነጭ የፈረንጅ ቤትና መቶ ታታሚ የተነጠፈበት አዳራሽ ጎን ለጎን። የግቢው ኩሬ ዙሪያ 280 ያህል ጥድና 1,500 ያህል ድንጋይ አለ። ድንጋዩን የቆጠረው ሰው ሥራ አልነበረውም መሰለኝ።

ጃፓን በ1884 መሳፍንቱንና መኳንንቱን በአውሮፓ ዓይነት ማዕረግ አደራጅታ ነበር፣ አምስት ደረጃ። የታቺባና ቤት ኮንት ሆነ። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ሲሸነፉ መሬቱ በመንግሥት በኩል ለጭሰኛው ተሸጠ። በ1946 የሀብት ግብር መጣ፣ ትልልቆቹ ላይ እስከ 90 በመቶ የሚደርስ። በ1947 አዲሱ ሕገ መንግሥት ማዕረጉን ራሱን ሰረዘው። አንድ ጀምበር ላይ ኮንቱ አቶ ሆነ። ቤቱን ሸጠው መሄድ ይችሉ ነበር፣ ብዙዎች ሸጠዋል። እነሱ ግን በ1950 እዚያው ግቢ ውስጥ ርዮቴይ ከፈቱ። የከፈቱት የቤቱ ልጅ አያኮና ባሏ ካዙዎ ናቸው። ካዙዎ የአድሚራል ልጅ ነበር፣ ወንድ ልጅ ለሌለው ቤት ገብቶ የሚስቱን ቤተ ሰብ ስም የወሰደ አማች። አስቡት፣ ትናንት ሰው እጅ እየነሳ የሚያልፍበት በር ከፍተው "እንግዶች፣ ግቡ፣ ምን እናቅርብ" አሉ። ዛሬም ቤቱ በዚያው ዘር እጅ ነው፣ ግቢውም በመንግሥት የተመዘገበ ቅርስ ነው።

ይሄ ነገር ለኛ ሩቅ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓን ሲሄዱ አብረዋቸው የሄዱት ልጅ አርአያ አበበ ከጃፓን መኳንንት ቤት ሚስት ለማግባት ፈልገው፣ የቪስካውንት ኩሮዳ ልጅ ማሳኮ ታጭታ ነበር። ጋዜጣው ሁሉ ጻፈው፣ በ1934 ግን ነገሩ ቀረ። የኢጣሊያ እጅ አለበት ይባላል።


ደረቅ ቼክ፦

ጋሽ ቀለሙ እጅ ነስቻለሁ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ግን አንድ ነገር። የኛዎቹ በ1967 ዓ.ም. መሬቱ በየካቲት፣ ትርፍ ቤቱ በሐምሌ ሲወሰድ ምግብ ቤት ልክፈት የሚል ዕድል ማን ሰጣቸው? የኔ አያት ከአንድ የደጃዝማች ግቢ ጀርባ ነው ያደገችው። ግቢው ቀበሌ ሆነ፣ ከዚያ ክሊኒክ፣ አሁን ሕንጻ ነው። ግብር ይበላበት የነበረው አዳራሽ ውስጥ የስኳር ሰልፍ ተሰልፌያለሁ።


ጋሽ ቀለሙ፦

እውነት ነው። አንዳንዱ ቤት ተርፏል እንጂ፣ የአዲስ አበባ ሙዚየም የራስ ብሩ ቤት ነበር። ግን ሙዚየም ታያለህ፣ ትወጣለህ። ማንም ቁጭ በል ብሎ አያበላህም። እነዚያኞቹም ቢሆኑ እኮ የተረፉት ስለታዘነላቸው አይደለም። ወጥ ሠርተው፣ ሳህን ተሸክመው ነው። ለኛ መኳንንት ይሄ ዕድሉ ቢሰጣቸውስ ያደርጉት ነበር ወይ ብለህ ጠይቅ። ወይዘሮዋ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ወጥ ያወጡልህ ነበር? እኔ እንጃ።


የቦሌው መሐንዲስ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጾሙን ነግሬያቸዋለሁ። "ሾጂን" ስላቸው ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "ስንት ቀን?" ብለው ጠየቁኝ። እስከ ገና ስላቸው ዝም ብለው ቆዩና ስልክ ደወሉ።

ሌላ ጥያቄ መጣብኝ ደግሞ። ጓደኛዬ ጾመኛ አይደለም፣ ግን ኡናጊ የሚባለውን ዓሣ ፎቶ አይቶ እየተጨነቀ ነው። ኦሪት ላይ ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም ይላልና። ይሄ ነገር ቅርፊት አለው?


የኪዩሹ ተማሪ፦

ሃሃ፣ የኔም ጥያቄ ነበር። ክንፉ እንደ ሪባን ጀርባው ላይ ተጋድሟል። ቅርፊት ደግሞ አለው፣ ግን ቆዳው ውስጥ የተቀበረ፣ ጥቃቅን፣ በዓይን የማይታይ። ማየት የሚፈልግ አጉሊ መነጽር ይዞ ይምጣ። ኦሪት በአጉሊ መነጽር ይነበባል ወይ የሚለውን የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፣ እኔ አልገባበትም። እኔ በልቼዋለሁ። ቅባቱ አፍ ውስጥ ይቀልጣል፣ በላዩ ሳንሾ የሚባል አረንጓዴ ዱቄት ይነሰነሳል፣ ምላስን ቀስ አድርጎ የሚያደነዝዝ። ብቻ የጃፓን ኡናጊ ቁጥሩ እያለቀ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሊጠፉ ከተቃረቡት መዝገብ ገብቷል። እኔ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።


የቦሌው መሐንዲስ፦

ሄጄ መጣሁ። የሆነውን ልጻፍላችሁ።

ከሰዓት ነው የወጣነው። ሰውዬው መጀመሪያ ጀልባ ላይ አሳፈሩን። በክረምት ጀልባዋ መሐል ማሞቂያ አለ፣ በላዩ ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሰው እግራቸውን ከሥር ይከታሉ። ቀዛፊው በዘንጉ እየገፋ ያንጎራጉራል፣ ድልድዩ ዝቅ ያለ ስለሆነ በደረስን ቁጥር ሁላችንም ጎንበስ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የሚያወርደን ከቤቱ አጠገብ ነበር። ኩሬው ላይ የዱር ዳክዬ ሞልቷል፣ በክረምት ነው የሚመጡት አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ስገባ ሰውዬው ቶኮኖማዋ ጋ ተቀመጥ አሉኝ። ሳህን አጣቢዋ እንዳለችው አንድ ጊዜ እምቢ አልኩ። ሁለተኛ ሲሉኝ ተቀመጥኩ፣ መደገፊያ ያለው ነገር ተሰጠኝ፣ ጉልበቴ ዳነ። ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ምንድነው አልኳቸው፣ እሳቸውም ማንበብ አልቻሉም። የድሮ እጅ ጽሕፈት ነው። ሁላችንም ሳቅን፣ ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆኑ።

ምግቡን በአጭሩ። የሰሊጥ ቶፉ መጣልኝ፣ ስሙ ቶፉ ይባል እንጂ አኩሪ አተር የለበትም፣ የተፈጨ ሰሊጥ በስታርች ተማስሎ የረጋ ነው። የኛን የሰሊጥ ፍትፍት በልቶ ያደገ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይለየዋል። ከዚያ ሾርባው። ክዳኑ እምቢ አለኝ፣ ጨመቅኩት፣ ፉት አለ። ዩዙ የሚሉት ሎሚ ልጣጩ ብቻ፣ ከጥፍሬ የማይበልጥ፣ ውስጡ ተንሳፍፏል። ውሃ የመሰለ ነገር ነው፣ ግን ፊቴን ሲመታኝ ለደቂቃ ያህል አልጠጣሁትም፣ ዝም ብዬ አሸተትኩት። ሳህን አጣቢዋ፣ ሽቶ ስላላስቀባሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚያ የሎተስ ሥር፣ ነጭ የሽንብራ ዱቄት ቀቀሎ የመሰለ ስሙን ያልያዝኩት ነገር፣ እንጉዳይ። ጓደኛዬ ኡናጊውን በላ። ሳጥኑ ሲከፈት የቤቱ ሽታ ተለወጠ፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ጾሜን ረገምኩ፣ ይቅር ይበለኝ። ስለ ቅርፊቱ አንድም ቃል አላነሳም፣ የሳጥኑን ማዕዘን በቾፕስቲክ እየጫረ ነበር።

የገረመኝን ልንገራችሁ። ሰውዬው የያናጋዋ ልጅ ናቸው። አባታቸው ጀልባ ቀዛፊ ነበሩ። አያታቸው እስኪሞቱ ድረስ በዚህ በር ሲያልፉ፣ ማንም ባይኖርም፣ ቆም ብለው እጅ ይነሱ ነበር አሉ። ቤቱ ምግብ ቤት ከሆነ በኋላም ቢሆን። የሰውዬው ሠርግ የተበላው እዚያው መቶ ታታሚው አዳራሽ ውስጥ ነው። አባታቸው በዚያ ቀን ነው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በበሩ የገቡት፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ደጁ ላይ ሲያወርዱ ኖረው። የክብር ቦታ ላይ ተቀመጡ ሲባሉ "እዚህ ጀርባዬን ሰጥቼ ምግብ አይወርድልኝም" ብለው እምቢ አሉ። ለምነው ለምነው አስቀመጧቸው። ሙሉውን ሠርግ ግን ጀርባቸውን ሳያስደግፉ፣ ቀጥ ብለው፣ እንደ ቀዛፊ ተቀምጠው ጨረሱ።

ይሄን ሲነግሩኝ እኔም ሳላውቀው ከመደገፊያው ተነቅዬ ነበር።

ስንወጣ ሴቶቹ በሩ ድረስ ሸኙን። ጥግ ጋ ደርሼ ዞር ስል አሁንም ጎንበስ እንዳሉ ናቸው። ቡና ይዤላቸው ነበር ለሰውዬው፣ የይርጋጨፌ፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ሳይከፍቱት ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እንደኛው።


ደረቅ ቼክ፦

ይሄ ሁሉ ጥሩ። ጠገብክ ወይ?


የቦሌው መሐንዲስ፦

የእንጉዳዩን ሩዝ ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ። በሦስተኛው ሴትየዋ ድስቱን ራሱን ትታልኝ ሄደች።


ሳህን አጣቢዋ፦

ካልሲውስ?


የቦሌው መሐንዲስ፦

የኔ አዲስ ነበር። የጓደኛዬ አውራ ጣቱ ታየ። ጀልባው ላይ ብርድ ልብሱ ውስጥ ነው ያወቅነው፣ በኋላ መንገድ ላይ ከኮንቢኒ፣ ከትንሽ ሱቅ፣ ገዛንለት።